«ወይ ድሮ!» ከማለታችን በፊት፦ የቆየ ፎቶ ስናይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ የካቲት ሲገባ ስልካችን በድሮ ፎቶ ይጥለቀለቃል። ጋሻና ጦር የያዙ፣ ጎፈር የደፉ፣ በቅሎ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ከአንዱ ቴሌግራም ወደ ሌላው ይዞራሉ። ከሥር «የአድዋ ጀግኖች፣ 1888» ይላል። ልብ ሞቅ ይላል። ለዘመድ ይላካል። አበቃ።

ከስሜቱ ጋር ጠብ የለኝም። የድሮ ፎቶ አይቶ ምንም የማይሰማው ሰው ቢኖር ነው የሚገርመኝ። ግን ከስሜቱ ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይመጣ ይቀራል። ይህን ፎቶ ማን አነሳው? ለማን ብሎ? እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰው አለ። አንደኛው ይታያል። ሌላኛው ካሜራውን ይዞ ከወዲህ ቆሟል፣ አይታይም። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች በአብዛኛው ያንን የማይታየውን ሰው ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ከሥር የተጻፈውን እንደ ፎቶው አካል መቁጠር

ፎቶውና ጽሑፉ አብረው አልተወለዱም። ፎቶውን አንድ ሰው አነሳ። ጽሑፉን ሌላ ሰው፣ ምናልባት ከሰማንያ ዓመት በኋላ፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ጨመረበት። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አድዋን እንውሰድ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ፍልሚያው ሲካሄድ የተነሳ ነው ተብሎ የሚታወቅ ፎቶ የለም። ስለዚያ ዕለት ዓይናችን የለመደው ሥዕሉን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ፣ የእኛ ሰዎች በአንድ ወገን፣ ጣሊያኖች በሌላው። በፎቶ መልክ የሚዞረው ብዙው ከአርባ ዓመት በኋላ የመጣው የሁለተኛው ወረራ ጊዜ ነው፣ ወይም አዲስ አበባ ላይ በበዓልና በሰልፍ ቀን የተነሳ ነው። ይህን ለመለየት የታሪክ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ጥግ ላይ የጭነት መኪና ይታያል? አውሮፕላን አለ? የእኛ ወታደር ካኪ ለብሷል? እንግዲያው አድዋ አይደለም።

«ምን ለውጥ ያመጣል፣ ሁሉም አርበኛ ነው» የሚል ይኖራል። ለውጥ አለው። የማይጨው ዘማች የራሱ ጦርነት ነበረው። ከአውሮፕላን መርዝ የተረጨው እሱ ላይ ነው። ፎቶውን ወስደን ለአያቱ ድል ስናውለው የእሱን መከራ ከታሪክ እየሰረዝን ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ፎቶ ሥር «1928» ብቻ ተጽፎ ብታዩ ምን ትላላችሁ? በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው፤ ሰላም ነው፣ ድግስ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ግን ደሴ የተደበደበችበት፣ ማይጨው ላይ የተዋጋንበት፣ ንጉሠ ነገሥቱ የተሰደዱበት ዓመት ነው። «1966»ም እንዲሁ ነው። በፈረንጅ ከሆነ ጃማይካ ውስጥ ሕዝብ ጃንሆይን ለመቀበል አየር ማረፊያውን ያጥለቀለቀበት ነው። በእኛ ከሆነ የወሎ ረሃብ የተጋለጠበትና አብዮቱ የፈነዳበት። አንድ ቁጥር፣ ሁለት የማይገናኙ ዓለሞች። ፎቶ ስታጋሩ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ትንሽ ነገር አትዝለሏት። የፈረንጅ ድረ ገጽ ላይ ያገኛችሁትን ዓመት ሳትቀይሩ «ዓ.ም.» ብሎ መለጠፍ ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው ሰው መጠርጠሪያ እንኳ አይኖረውም።

ጥርጣሬ ሲገባችሁ ፎቶውን ጉግል ሌንስ በተባለው የምስል መፈለጊያ ላይ አስገብታችሁ ፈልጉት። የመጀመሪያውን ውጤት ሳይሆን የቆየውን ተከተሉ፤ ማለትም ፎቶው የተቀመጠበትን መዝገብ ቤት ወይም ሙዚየም። ለንደን ያለው የጦርነት ሙዚየም፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና የጣሊያኑ ሉቼ ተቋም የፎቶዎቻቸውን መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አውጥተዋል። እዚህ አገር ደግሞ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የፎቶ ክምችት አለው።

ፊትን እንደ መጽሐፍ ማንበብ

«ድሮ ሰው አይስቅም ነበር እንዴ?» ይህ ጥያቄ የድሮ ፎቶ ባለበት ሁሉ ይነሳል። ይስቁ ነበር። የማይስቁት ካሜራ ፊት ነው።

ፎቶ እንደተፈለሰፈ ሰሞን አንድ ምስል ለመውሰድ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1838 ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ ከፓሪስ ፎቅ ላይ ሆኖ አንድ ሰፊ ጎዳና አነሳ። ቀን ነው፣ ጎዳናው በሰውና በጋሪ የተሞላ ነው። ፎቶው ላይ ግን ጎዳናው ወና ነው። የሚንቀሳቀስ ሁሉ ምስሉ ላይ ሳይቀረጽ አለፈ። ከጥጉ ላይ አንድ ሰው ብቻ ይታያል፤ እግሩን ወደ ፊት አድርጎ ጫማውን እያስጠረገ ነው። ሊስትሮውም አጎንብሶ በጭላንጭል ይታያል። ባለ ጫማው ቀጥ ብሎ በመቆሙ ብቻ ፎቶ ላይ በመታየት ከመጀመሪያዎቹ የሰው ልጆች አንዱ ሆነ። ይህን ፎቶ አይቶ «ያኔ ፓሪስ ሰው አልነበረባትም» የሚል የለም። ፊት ላይ ሲሆን ግን ልክ ይህንኑ እንላለን፤ ፈገግታው ስላልተቀረጸ አልነበረም ብለን እንደመድማለን።

ኋላ ላይ ጊዜው ወደ ሰከንዶች ሲያጥርም ልማዱ አልለቀቀም። ፎቶ መነሳት ውድ ነው፣ ብርቅ ነው፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው። ሰው ለዚያ ቀን ኮስተር ብሎ ነው የሚቆመው። አያቶቻችን ፎቶ ቤት ገብተው የተነሱትን እዩ። እጅ ጉልበት ላይ፣ ዓይን ፊት ለፊት። ክብር ነው፣ ኩርፊያ አይደለም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ የተሳሳተ ወሬ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተነሱ ፎቶዎች ላይ ከሰውየው ጫማ ኋላ የብረት መቆሚያ እግር ይታያል። «ይህ ሰው ሞቷል፤ ሬሳውን በብረት አቁመው ነው ያነሱት» ተብሎ ይለጠፋል። ሐሰት ነው። ብረቱ ሕያው ሰው ጭንቅላቱ እንዳይወዛወዝ ከማጅራቱ የሚደገፍበት ነው፤ ሬሳ የማቆም አቅም የለውም። የሞተ ሰው ፎቶ ማንሳት በእርግጥ ነበር፤ በተለይ በአውሮፓና በአሜሪካ፣ በተለይ ሕፃናት። ግን ተኝተው ወይም እናታቸው አቅፋቸው ነው፤ ብዙ ጊዜም ያ ፎቶ የልጁ ብቸኛ ፎቶ ነበር። ያን የእናት ሐዘን የአስፈሪ ታሪክ ማዳመቂያ ማድረግ ይከብዳል።

አሁን ወደ ራሳችን ልጅ ልምጣ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1868 እንግሊዝ ውስጥ፣ ዋይት በተባለችው ደሴት ላይ ፎቶ ተነስቷል። ያነሳችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት፤ በዘመኗ ስመ ጥር ፎቶ አንሺ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። የአገሩን ልብስ አልብሰውታል። ፊቱ ከብዷል። ይህን ፎቶ ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ፊቱ ላይ ሐዘን ያነባል፣ እኔም አነባለሁ። ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አባቱን መቅደላ ላይ፣ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን ደግሞ ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ አጥቷል።

ግን ልብ በሉ፤ ይህን የነገረን ታሪኩ ነው። ካሜሮን ፊት የተቀመጠ ሰው ሁሉ፣ ባለቅኔውም ሳይንቲስቱም፣ ለረጅም ደቂቃ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት፤ ፎቶዎቿ ላይ የብዙዎቹ ፊት የከበደ ነው። የልጁ ሐዘን እውነት ነው፤ ማስረጃው ግን ፊቱ ብቻ አይደለም። ይህን መለየት ሐዘኑን አያሳንስም። እንዲያውም ሌላ ነገር ያሳየናል። ልጁን የአገሩን ልብስ አልብሶ ፎቶ ፊት ማስቀመጥ ራሱ የመማረኩ አካል ነበር። ከጎኑ ሆኖ አብሮት የተነሳው አሳዳጊው ካፒቴን ስፒዲም የሐበሻ ልብስ ለብሷል። አንዱ ከቤቱ የመጣበትን ለበሰ፣ አንዱ ለትርኢት።

ካሜራውን የያዘው ማን እንደሆነ አለመጠየቅ

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ስህተት ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለችውን ኢትዮጵያ በፎቶ ፈልጉ። እጅግ ብዙ ታገኛላችሁ። ጥርት ያሉ፣ ያማሩ፣ በሥርዓት የተቀመጡ። መንገድ ሲሠራ። ሐኪም ሕፃን ሲያክም። ወታደር ዳቦ ሲያድል። ነፃ የወጣ ባሪያ እጁን ሲዘረጋ። አይቶ «ጣሊያን እኮ መንገዱን ሠርቶልናል» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም።

እነዚህን ፎቶዎች በብዛት ያነሳው ሉቼ የተባለው የፋሺስቱ መንግሥት የፊልምና የፎቶ ተቋም ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ለምሥራቅ አፍሪካ ብቻ የተመደበ ክፍል አቋቁሞ ባለ ካሜራዎቹን ከሠራዊቱ ጋር አዘመተ። ሥራቸው ለጣሊያን ሕዝብና ለዓለም «ሥልጣኔ እያመጣን ነው» ብሎ ማሳየት ነበር። የቱ ይታይ፣ የቱ ይቅር የሚለውን የሚወስነው መንግሥቱ ነው።

የቀረው ምንድን ነው? ኢፕሪት የተባለው የሰናፍጭ ጋዝ። የተከዜ ተሻጋሪው፣ የተንቤን ገበሬ፣ የማይጨው ዘማች ቆዳው እየተላጠ፣ ዓይኑ እየጠፋ የወደቀበት። ጣሊያን ጋዝ በጦርነት ላለመጠቀም የተፈረመውን የጄኔቫ ውል ተቀብላ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ሳይቀር በቦምብ ተደበደበ። ጃንሆይ ሰኔ 23 ጄኔቫ ላይ ቆመው ስለ መርዙ ተናገሩ። የጣሊያን መንግሥት ግን ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት! ስድሳ ዓመት ሙሉ መካድ የተቻለበት አንዱ ምክንያት በሺዎች የሚቆጠረው የሉቼ ፎቶ ውስጥ መርዙ ባለመታየቱ ነው።

ስለዚህ «ፎቶ ካለ ሆኗል፣ ፎቶ ከሌለ አልሆነም» የሚለውን አስተሳሰብ ከሥሩ ንቀሉት። ፎቶ የሚኖረው ካሜራ ያለው ሰው የፈለገው ነገር ነው። በዚያ ዘመን ካሜራው በማን እጅ ነበር? ተንቤን ላይ የቆሰለው ገበሬ እጅ አልነበረም። የሉቼን ፎቶ ስታዩ መንገዱን አይታችሁ አታቁሙ። ድንጋይ የሚፈልጡትን ሰዎች እዩ። ከጎናቸው ጠመንጃ ይዞ የቆመ አለ? ከዚያ መንገዱ ወዴት እንደሚሄድና በመጀመሪያ ምን እንደተጓጓዘበት ጠይቁ።

«ተቀናብሮ የተነሳ ነው፣ ስለዚህ ውሸት ነው» ማለት

ተቃራኒውም ስህተት ነው። አንዴ መጠርጠር የጀመረ ሰው ሁሉን ነገር «ፌክ ነው» ብሎ ይጥላል።

ለንደን፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1940። ከተማዋ በጀርመን አውሮፕላኖች በየሌሊቱ እየተደበደበች ነው። አንድ ነጭ ካፖርት የለበሰ ወተት አዳይ ጠርሙስ የሞላ ሣጥኑን ይዞ የፍርስራሽ ክምር ላይ እየተራመደ ይመጣል። ከኋላው ሕንፃዎቹ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች አሁንም ውኃ ይረጫሉ። እሱ ግን እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ብቻ ነው የሚያየው። ጠርሙሶቹ ሙሉ ናቸው፣ ካፖርቱ ንጹሕ ነው።

ፎቶውን ያነሳው ፍሬድ ሞርሊ ነው። ታሪኩን የመረመሩ ሰዎች እንደሚሉት ሰውየው እውነተኛ ወተት አዳይ አልነበረም፤ የፎቶ አንሺው ረዳት ነው፣ ካፖርቱና ሣጥኑም የተዋሱት ነው። ምክንያቱም ሳንሱሩ ነበር። ፍርስራሽ ብቻ የሚያሳይ ፎቶ የሕዝብ ሞራል ይሰብራል ተብሎ ሊታገድ ይችላል። ወተት አዳይ ሲጨመርበት ግን «ሕይወት ቀጥሏል» የሚል መልእክት ሆነ፣ አለፈ።

ታዲያ ውሸት ነው? ፍርስራሹ እውነት ነው። እሳቱ እውነት ነው። ለንደን ውስጥ በዚያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ፍርስራሽ እየዘለሉ ወተት ያደረሱ ሰዎች እንደነበሩም አይጠረጠርም። ያልነበረው ይህ ሰው፣ በዚህች ደቂቃ ነው። ፎቶውን የአንድ ወተት አዳይ ጀግንነት ማስረጃ አድርጋችሁ ከወሰዳችሁት ተሳስታችኋል። አንድ መንግሥትና አንድ ጋዜጠኛ ሕዝባቸው ራሱን እንዴት እንዲያይ እንደፈለጉ የሚያሳይ ማስረጃ ካደረጋችሁት ግን ከብዙ «እውነተኛ» ፎቶ የበለጠ ይነግራችኋል።

በርሊን ላይ የሶቪየት ባንዲራ በጀርመን ፓርላማ ሕንፃ በራይሽታግ ጣሪያ ሲውለበለብ የሚያሳየውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ካልዴይ የተባለው ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1945 ሰዎቹን ይዞ ወጥቶ ነው ያነሳው፤ ባንዲራው መጀመሪያ የተሰቀለው ከዚያ በፊት በሌሊት ነበር። ካልዴይ ኋላ ላይ ጭስ ጨመረበት። ከአንደኛው ወታደር እጅ ላይ ደግሞ አንድ የእጅ ሰዓት አጠፋ። ወታደሩ በሁለቱም እጁ ሰዓት ነበረው፣ አንዱ የዘረፋ ይመስላል ተብሎ። እኔን የሚስበኝ ያ የጠፋው ሰዓት ነው፤ ከባንዲራው ባልተናነሰ ስለዚያ ጦርነት ይናገራል።

የእኛም ወገን ለካሜራ ቆሟል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ የውጭ ጋዜጠኞች እዚያው ነበሩ። ጃንሆይ ያልፈነዳ ቦምብ ላይ እግራቸውን አሳርፈው የተነሱት ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ለዓለም እንዲታይ የተነሳ ነው፤ ድብደባውም ቦምቡም ግን እውነት ነው።

ቀለም መቀባትና «ማጥራት»

አሁን ማንኛውም ስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይቀባል። ውጤቱ ያምራል፣ ሰው ይወደዋል። ችግሩ ቀለሙ ከየት እንደመጣ ማንም አለመጠየቁ ነው። ከፎቶው አልመጣም። ፕሮግራሙ ገምቶ ነው።

አንድ ነገር ላስረዳ። እስከ 1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብዛት ይሠራበት የነበረው ፊልምና ፕሌት (ምስሉ የሚቀረጽበት የመስታወት ሰሌዳ) ቀይ ቀለምን አያይም ነበር። ቀይ የሆነ ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል። ሰማያዊው ደግሞ ነጣ ብሎ ይወጣል፤ በድሮ ፎቶ ላይ ሰማዩ ባዶ ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። እንግዲህ የመኳንንቱን ፎቶ አስቡት። ጥቁር ካባ ብለን የምናየው ደማቅ ቀይ ሐር ሊሆን ይችላል። ፊትንም ከእውነቱ ጠቆር፣ ሽብሽቡንም ጎላ አድርጎ ያወጣ ነበር። ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ አያውቅም። ጥቁሩን ጥቁር፣ ግራጫውን ቡናማ ቀብቶ ይሰጣችኋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያ ካባ «ጥቁር ነበር» ተብሎ ይጻፋል።

የድሮ ቀለም ፎቶ ፍለጋ ላይ ከሆናችሁ እውነተኛው አለ። የሉሚየር ወንድሞች አውቶክሮም የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1907 ለገበያ አውጥተዋል። ፕሮኩዲን ጎርስኪ የተባለው ሩሲያዊ ደግሞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት አንዱን ነገር በሦስት ማጣሪያ እያነሳ የአገሩን ገበሬዎችና ገዳማት በቀለም አስቀርቷል። እነዚያን እዩ፤ የዓይን ጥጋብ ናቸው።

ማጥራቱ ከመቀባቱ ይብሳል። የደበዘዘ ፊት «ሲጠራ» ፕሮግራሙ የሌለ ዓይን፣ የሌለ ጥርስ ይሠራል። የምታዩት የአያታችሁን ፊት አይደለም፤ አያታችሁን የሚመስል የማንም ያልሆነ ፊት ነው። ጭራሽ ከምንም ተነስቶ የሚፈበረከውም በዝቷል። እነዚህን ፊደል ያጋልጣቸዋል። ከበስተኋላ ያለው ጽሑፍ የግዕዝ ፊደል መስሎ አንዱም የማይነበብ ከሆነ ፎቶ አይደለም። ጣቶችንም ቁጠሩ።

ይህ ነገር የት እንደሚያደርስ ካምቦዲያ አይታለች። ፕኖም ፔን ውስጥ ቱኦል ስሌንግ የተባለው እስር ቤት አገሪቱን በጭካኔ በገዛው በኮሚኒስቱ ክመር ሩዥ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰቃይተው ለሞት የተላኩበት ነው። ሲገቡ አንድ በአንድ ፎቶ ይነሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 አንድ የውጭ አገር ድረ ገጽ የእነዚህን እስረኞች ፎቶ በቀለም አሳምሮ አወጣ። ሰዎች ከዋናው ጋር ሲያስተያዩት ቀለም ብቻ አልተጨመረም። የአንዳንዶቹ ፊት ላይ ፈገግታ ተሠርቶበታል። የሟቾቹ ቤተሰቦች ምን እንደተሰማቸው ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። አገሪቱ ተቃወመች፣ ፎቶዎቹም ወረዱ።

መሳቅ፣ ወይም መናፈቅ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ እንግሊዝ ለሕዝቧ 38 ሚሊዮን ያህል የጋዝ ጭምብል አድላለች። ለሕፃናት የተሠራው ልጁን እስከ ወገቡ የሚውጥ ነበር፣ እናት ከጎን በእጇ አየር ትነፋለታለች። ፎቶው ዛሬ «የሚያስቁ የድሮ ፎቶዎች» በሚል ርዕስ ይዞራል። ቅርጹ በእርግጥ እንግዳ ነው። ግን እነዚያን እናቶች ካስፈሯቸው ነገሮች አንዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ ላይ የወረደው ጋዝ ነበር። የተንቤን እናት ያ አስቂኝ የሚባለው ነገር አልነበራትም።

ናፍቆቱም ያሳስታል። ኒው ዮርክ፣ ታይምስ ስኩዌር፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 1945፣ ጦርነቱ አብቅቷል፣ አንድ መርከበኛ ነጭ የለበሰች ሴት አቅፎ ይስማል። ስንት የሠርግ ጥሪ ላይ ታትሟል! ያቺ ሴት መሆኗን ብዙዎች የተቀበሏት ግሬታ ፍሪድማን ግን ሰውየውን እንደማታውቀው፣ የመሳሙ ምርጫም የእሷ እንዳልነበረ በኋላ ተናግራለች። ፍቅር ብለን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ይህን ነው።

ስለ አዲስ አበባ ፎቶ ቤቶችም አንድ ነገር ልበል። ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው። ክራቫቱም፣ ሬዲዮውም፣ ብስክሌቱም፣ ከኋላ የተሳለው ሐይቅም። «ድሮ ሰው እንዴት ዘናጭ ነበር!» ስንል የምናደንቀው ሰዎቹ መሆን የተመኙትን ነው። ምኞቱም ታሪክ ነው፤ ብቻ የደመወዛቸው ማስረጃ አታድርጉት።

የተገደለን፣ የተራቆተን ሰው ማጋራት

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና ተከታዮቹ ቀናት የተነሱ ፎቶዎች አሉ። ብዙዎቹን ያነሱት ገዳዮቹ ናቸው። ለማስታወሻ ነው ያነሱት፤ ለጓደኛ ለማሳየት፣ ወደ አገር ቤት ለመላክ። ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ሰብስቦ ለጦር ወንጀል ክስ ማስረጃ አድርጎ አቅርቧል። ያ ትክክለኛ ቦታቸው ነው። ከሆነው፣ ከቀኑ፣ ከገዳዩ ማንነት ጋር ሲቀርቡ ይመሰክራሉ። ያለ ምንም ቃል፣ ከቀልድ ቪዲዮ ቀጥሎ ሲወረወሩ ግን ገዳዩ ያሰበውን ሥራ ዛሬም እየሠሩለት ነው።

ጣሊያኖች ፖስትካርድ አድርገው ያሳተሟቸው የሴቶቻችን ፎቶዎችም እንዲሁ ናቸው። «ጥንታዊ የኢትዮጵያ ቁንጅና» እየተባሉ ይለጠፋሉ። ልጅቷ ማን አስቁሟት፣ ማን ልብሷን አስወልቋት ነው የተነሳችው? እምቢ ማለት ትችል ነበር? የፋሺስቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖርን በሕግ ከልክሏል፤ ገላዋን በፖስትካርድ መሸጥ ግን ቀደም ብሎ ወታደሩን ለመመልመያ ሆኖ አገልግሏል። ስሟ የለም። ፎቶው ሥር «ቆንጆ ሐበሻ» ብቻ ነው ያለው። ይህን ዓይነት ፎቶ እኔ አላጋራም። ማጋራት ካለባችሁም ስለ አንሺው ተናገሩ፣ ስለ ገላዋ አይደለም።

እንዴት ማሳየት እንደሚቻል የሚያስተምረን መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ነው። ግድግዳው ሙሉ ፊት ነው። ብዙዎቹ የተማሪ ቤት፣ የመታወቂያ ፎቶዎች ናቸው፤ አፍሮ ያጎፈሩ፣ ሰፊ ኮሌታ የለበሱ ወጣቶች። ቤተሰብ ከአልበሙ አውጥቶ የሰጠው። የሞቱበትን ሳይሆን የኖሩበትን ፊት ነው የምታዩት፣ ስማቸውም አብሯቸው አለ።

መገልበጥና መቁረጥ

ይህ አጭር ነው። የድሮ ፎቶ ስካን ሲደረግ ወይም ከኔጋቲቭ ሲታተም ግራና ቀኙ ሊገለበጥ ይችላል። በፎቶው ውስጥ ጽሑፍ ካለ ወዲያው ይታወቃል። ከሌለ ግን ተጠንቀቁ፤ «ጎራዴው በቀኝ ነው፣ ተገልብጧል» ብላችሁ እንዳታስተካክሉት። አባቶቻችን ጎራዴ የሚታጠቁት በቀኝ ነበር። ፎቶውን ስታጋሩም ጠርዙን አትቁረጡ። ማስረጃው ብዙ ጊዜ ዳር ላይ ነው ያለው። የአንሺው ፊርማ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የጠባቂው እጅ።

የራስን ቤት አልበም መርሳት

በየቤታችን የብፌ መሳቢያ ውስጥ ያለው ፎቶ ከሉቼ መዝገብ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለው። ሰዎቹ ፈልገው፣ ከፍለው፣ ለሚወዱት ሰው ብለው የተነሱት ነው። ጀርባውን ገልብጡ። «ለውድ እህቴ ለማስታወሻ ይሁንሽ» ይላል፤ ከሥሩ ቀን፣ አንዳንዴ የፎቶ ቤቱ ማኅተም። ኮሪያ የዘመተ የቃኘው ሻለቃ ወታደር ለእናቱ የላከው፣ አስመራ የተቀጠረ ወንድም ለታላቁ የላከው ሊሆን ይችላል። አንሺው ማን፣ ለማን፣ መቼ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያው ተጽፏል። ስልክ ላይ የምታስገቡት ግን የፊቱን ብቻ ነው። ጀርባውንም አንሱ።

ጀርባው ባዶ ከሆነ ትልልቆቹን ዛሬ ጠይቁ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዳር ላይ የቆመችውን የቤት ሠራተኛ ጨምሮ፣ የሁሉንም ስም። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ከሆነ «ዓ.ም.» ብላችሁ። ፎቶውን ላሚኔት አታስደርጉት፣ አልበሙ ላይ ተጣብቆ እምቢ ካለም አትገንጥሉት፣ እዚያው እንዳለ በስልክ አንሱት። ስሞቹን ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እርሳሱ አልይዝ ካለ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከፎቶው ጋር በፖስታ ውስጥ አስቀምጡ። በእስክሪብቶ ግን አይሆንም፤ ቀለሙ እያደር ወደ ፊት ለፊቱ ይወጣል።